ማግኔት ሚስማሩን አንስቶ መዳቡን ለምን ይተወዋል?

(ይህ ጽሑፍ በደብረ ማርቆስ በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሳይንስ ክበብ ዝግጅት ላይ ለወላጆች፣ ለመምህራንና ለተማሪዎች ያደረግሁት ንግግር ነው። በስልክ ከተቀዳው የተገለበጠ ስለሆነ የንግግሩን ወዝ ብዙ አልነካሁትም።)

እንደምን አረፈዳችሁ? እግዚአብሔር ይመስገን። የተከበራችሁ ወላጆች፣ የሥራ ባልደረቦቼ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ ደግሞም እዚያ በሩ አጠገብ የቆማችሁ የጋራዥና የብየዳ ቤት ወንድሞቻችን፤ እባካችሁ ወደ ፊት ቅረቡ፣ ወንበር አለ። የዛሬው ወሬ በእጃችሁ ስለምትይዙት ነገር ስለሆነ ከሁሉ በፊት መቀመጥ የሚገባችሁ እናንተ ናችሁ።

እስኪ በመጀመሪያ አንድ ልጅ ይምጣልኝ። ና አንተ፣ ባለ ሰማያዊ ሹራቡ። ይህን ክብ ጥቁር ነገር ያዝ። ከተሰበረ ራዲዮ ድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት ነው። ጠረጴዛው ላይ ያለው ሁሉ ከቤት የመጣ ዕቃ ነው፤ እያንዳንዱን ንካልኝ፣ እናንተ ደግሞ ጮክ ብላችሁ ፍረዱ።

ሚስማሩን? ያዘው። የለስላሳውን ቆርኪ? ያዘው። የመዳቡን ሽቦ? ዝም። የአሉሚኒየሙን ድስት? ዝም። የጣሪያ ቆርቆሮውን? ቀጭ አለ! እዚህ ላይ ግን ልብ በሉ፤ ቆርቆሮውን ያስያዘው ላዩ ላይ የተለበጠው ዚንክ አይደለም። ዚንክ አይሳብም። ከሥሩ ያለው ብረት ነው። ይህን ደግሞ ቀስ ብለህ፤ ይህ የእማማ ጠገራ ብር ነው፣ ከአንገታቸው ፈትተው ነው ያዋሱን። አይዞዎት እማማ፣ በሰላም ይመለሳል። ያዘው? አልያዘውም። መቼም ይሠራ መቼ 1780 የሚል ዓመተ ምሕረት የተቀረጸበት ይህ ገንዘብ ከመቶ 83 እጅ ያህሉ ብር፣ ቀሪው በአመዛኙ መዳብ ነው። ሁለቱም ማግኔት አይሰማቸውም።

አሁን ሁለቱን ማንኪያዎች። ሁለቱም ያብረቀርቃሉ፣ ሁለቱም ዝገት አያውቃቸውም፣ ገበያ ላይ ሁለቱንም «ስቴንለስ ነው» ብለው ነው የሚሸጡልን። ንካ። አንዱን ያዘ፣ አንዱን ተወ! ለምን? በሁለቱም ውስጥ እኮ ከግማሽ በላይ ያለው ብረት ነው። ብረት ከሆነ ለምን አልያዘውም?

ይህችን ማንኪያ እዚህ ፊት ለፊት አስቀምጧት። እመለስባታለሁ። እግዜር ይስጥልኝ ልጄ፣ ተቀመጥ።

የምናገረው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ማግኔት የሚይዛቸው እነማን ናቸው? ሁለተኛ፣ በአንዲት አቶም ውስጥ ምን አለ? ሦስተኛው ዋናው ነው፤ ደግሞ በክፍል ውስጥ ብዙ ጊዜ ዘለን የምናልፈው እሱን ነው፤ አንዷ አቶም ከጎረቤቷ ጋር ምን ታደርጋለች? ከአሁኑ ልንገራችሁ፤ መልሱ ያለው ሦስተኛው ላይ ነው። አንድ ዕቃ የሚሳብ መሆን አለመሆኑን የሚወስነው የአቶሞቹ ስምምነት ነው።

የመጀመሪያው አጭር ነው። ከምናውቃቸው ንጥረ ነገሮች አብዛኞቹ ብረታ ብረት ናቸው። ከእነዚያ ሁሉ ውስጥ በተለመደው የክፍል ሙቀት፣ ለብቻቸው ንጹህ ሆነው ሳሉ፣ ማግኔት አጥብቆ የሚይዛቸው ስንት ይመስሏችኋል? ሃያ? ሠላሳ? ሦስት ናቸው! ብረት፣ ኮባልት፣ ኒኬል። አለቀ። ጋዶሊኒየም የሚባል አራተኛ አለ፤ እሱ ግን ጠባዩ ለየት ያለ ነው፤ ሙቀቱ ወደ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ ማግኔትነቱን ይተዋል። እንግዲህ ጋዶሊኒየም ቢኖረን ኖሮ እዚህ ደብረ ማርቆስ በጠዋቱ ብርድ ማግኔቱ ላይ ልጥፍ ይል ነበር። ያንኑ ይዘን በአውቶቡስ ወደ ዓባይ በረሃ ብንወርድ ታች ድልድዩ ጋ ስንደርስ በሙቀቱ ለቅቆ ይወድቅ ነበር። አንድ ዕቃ፣ አንድ መንገድ! ሙቀት የሚለውን ቃል ያዙልኝ፣ ኋላ ይመጣል።

«ሌሎቹስ ጨርሶ ምንም አይሰማቸውም?» ብትሉኝ፣ ይሰማቸዋል። አሉሚኒየም በጣም በጣም በጥቂቱ ይሳባል፣ እጃችን አያውቀውም እንጂ። መዳብ፣ ብርና ወርቅ ደግሞ በጥቂቱ ይገፋሉ፤ አዎ፣ ከማግኔቱ ይሸሻሉ! ውኃም ይሸሻል። በ1997 እ.ኤ.አ. ኔዘርላንድስ ውስጥ ተመራማሪዎች እጅግ ኃይለኛ ማግኔት ተጠቅመው አንዲት ሕያው እንቁራሪት አየር ላይ አንሳፈዋል። እንቁራሪቷ ምንም አልሆነችም። ምክንያቱ ሌላ አይደለም፣ ሰውነቷ አብዛኛው ውኃ ነው፣ ውኃ ደግሞ ማግኔትን ይሸሻል። ተማሪዎች፣ አትሳቁ፣ እውነቴን ነው።

ወደ ሁለተኛው ልሂድ።

በአቶም ውስጥ ኤሌክትሮን እንዳለ ታውቃላችሁ፤ የሰባተኛ ክፍል ልጅም ያውቃል። የማይነገረን ነገር እያንዳንዷ ኤሌክትሮን በራሷ ትንሽ ማግኔት መሆኗ ነው። ሰሜንና ደቡብ አላት። ይህ ጠባይዋ ስፒን ይባላል። ስፒንን በ1925 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት ኡለንቤክና ጋውድስሚት የሚባሉ ሁለት ወጣት የሆላንድ ሰዎች ናቸው። እንደ እንዝርት የምትሾር ኳስ አድርጋችሁ እንዳትስሏት አደራ፤ ያ ሥዕል መጽሐፍ ላይ ስለሚያምር ነው የሚሣለው። አብሯት የተፈጠረ ጠባይ ነው በሉትና እለፉት።

ታዲያ እያንዳንዷ ኤሌክትሮን ማግኔት ከሆነች፣ በዓለም ላይ ኤሌክትሮን የሌለው ዕቃ ከሌለ፣ ይህ ጠረጴዛ ለምን ማግኔት አልሆነም? እኔስ? እናንተስ? ጥያቄው ተገልብጦ መጣ፤ ለምን አንዳንዱ ይሳባል የሚለው ቀርቶ ለምን ሁሉም አይሳብም ሆነ።

መልሱ ጥንድ መሆን ነው። በአቶም ውስጥ ለኤሌክትሮኖች የተመደበ ማደሪያ አለ፤ በአንዱ ማደሪያ ከሁለት በላይ አይገቡም፤ ሁለት ሲገቡ ደግሞ የግድ አንዷ ወደ ላይ ካለች ሌላዋ ወደ ታች ትሆናለች። ሰሜን ከደቡብ ተጣፋ። ውጤቱ ዜሮ። ዚንክ 30 ኤሌክትሮን አለው፤ ሁሉም ጥንድ ጥንድ ናቸው፣ አንድም ትርፍ የለ። መዳብ 29 አለው፤ አስር የሚይዘው የውስጥ ክፍሉ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ አንዲቷ የውጪዋ ደግሞ በሽቦው ሁሉ ስትዞር የምትውል የጋራ ናት፣ ኤሌክትሪክ የምታመላልስልን እሷ ናት። እንግዲህ መዳብ ማግኔትን የማይሰማው ለዚህ ነው።

ብረት 26 ኤሌክትሮን አለው። ያ አስር የሚይዘው ክፍል አምስት ማደሪያ አለው፤ በብረት ውስጥ ስድስት ኤሌክትሮን ብቻ ገብቶበታል። ቁጠሩ፤ አንዱ ማደሪያ ሁለት ይዟል፣ አራቱ አንዳንድ ይዘዋል። አራት ብቸኛ! አራቱም ወደ አንድ አቅጣጫ። ለብቻዋ የቆመች የብረት አቶም ጠንካራ ማግኔት የሆነችው በእነዚህ በአራቱ ነው። (አቶሞቹ ተሰብስበው ሚስማር ሲሆኑ አራቱ ሙሉ ለሙሉ አይቆጠሩም፤ በአማካይ 2.2 ያህል ነው የሚቀረው፣ ለኮባልት 1.7፣ ለኒኬል 0.6። ይህን ለአሥራ ሁለተኛ ክፍሎች ነው ያልሁት፣ ሌላው ይርሳው።)

አብዛኛው መማሪያ እዚህ ላይ ያቆማል። «ብቸኛ ኤሌክትሮን ያለው ይሳባል፣ የሌለው አይሳብም» ይልና ደውል ይደወላል። ተማሪዎች፣ ይህን ተቀብላችሁ እንዳትሄዱ! ክሮሚየም ስድስት ብቸኛ ኤሌክትሮን አለው፤ ከብረት በሁለት ይበልጣል። ማንጋኒዝ አምስት አለው። እንደዚያ ሕግ ቢሆን ክሮሚየም ከብረት በላይ ልጥፍ ማለት ነበረበት። ይለጠፋል? አይለጠፍም! ማንጋኒዝም አይለጠፍም። እንግዲህ ሕጉ ጎዶሎ ነው። የጎደለው ሦስተኛው ነገር ነው።

ሦስተኛ፣ ጎረቤት።

በንግሥ ዕለት ማሕሌት ቆማችሁ ታውቃላችሁ፤ ጎጃም ተወልዶ ይህን ያላየ የለም። ከመጀመራቸው በፊት ሊቃውንቱ መቋሚያቸውን ይዘው ቆመዋል፤ አንዱ መቋሚያውን ትከሻው ላይ አጋድሟል፣ አንዱ ተደግፎበታል፣ አንዱ ወደ ጎረቤቱ አዘንብሎ ያወጋል። እያንዳንዱ መቋሚያ አለው፤ ግን ከሩቅ ለሚያይ አንድ የሚታይ አቅጣጫ የለም። ዝማሜው ሲጀመር ግን መቋሚያው ሁሉ እኩል ወደ ቀኝ፣ እኩል ወደ ግራ! መቋሚያ መያዝ ብቸኛ ኤሌክትሮን መያዝ ነው። ሚስማሩን በማግኔት የሚያስይዘው እኩል ማዘንበሉ ነው። በክሮሚየም ውስጥ የሆነው ደግሞ እንዲህ ነው፤ አንዱ ወደ ቀኝ ሲያዘነብል ጎኑ ያለው ሆን ብሎ ወደ ግራ፣ ቀጣዩ ወደ ቀኝ፣ ቀጣዩ ወደ ግራ። ሥርዓት አለው፣ እንዲያውም ጥብቅ ሥርዓት ነው፤ ግን ድምሩ ዜሮ።

ማነው ታዲያ እኩል የሚያስዘነብላቸው? ብዙ ሰው «ትንንሽ ማግኔቶች ስለሆኑ እርስ በርሳቸው ተሳስበው ነው» ይላል። አይደለም። ያ መሳሳብ እጅግ ደካማ ነው፤ በእኛ አገር ሙቀት ቀርቶ ከማንኛውም በረዶ በታች ባለ ብርድ እንኳ ይፈርሳል። ትክክለኛውን ምክንያት በ1928 እ.ኤ.አ. ያመጣው ጀርመናዊው ቨርነር ሃይዘንበርግ ነው፤ ነገሩም ከማግኔት ይልቅ የኤሌክትሪክ ነገር ሆኖ ተገኘ። ኤሌክትሮኖች አንድ ዓይነት ሙል ስላላቸው ይጠላላሉ፣ ይገፋፋሉ። ወደ አንድ አቅጣጫ የዞሩ ሁለት ኤሌክትሮኖች ደግሞ አንድ ቦታ መገኘት አይችሉም፤ ሕጋቸው ይከለክላል። ስለዚህ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲዞሩ ይራራቃሉ፣ ሲራራቁ መገፋፋቱ ይቀንሳል፣ ሲቀንስ ደግሞ ጉልበት ይቆጥባሉ። በብረት፣ በኮባልትና በኒኬል ውስጥ ይህ ቁጠባ ከሚያስከፍለው ወጪ ይበልጣል። አብሮ ማዘንበል አዋጭ ሆነ። በክሮሚየምና በማንጋኒዝ ውስጥ ግን አቶሞቹ የተቀመጡበት ርቀትና የተያያዙበት መንገድ ተቃራኒ መቆምን አዋጭ አደረገው።

ማስረጃ ትፈልጋላችሁ? እኔም ስማር የፈለግሁት እሱን ነበር። በ1903 እ.ኤ.አ. ፍሪትዝ ሆይስለር የሚባል ጀርመናዊ መዳብ፣ ማንጋኒዝና አሉሚኒየም አንድ ላይ አቅልጦ ቀየጠ። አንዱም የማይሳብ! ሦስቱም ማግኔትን የማያውቁ! ቅይጡ ሲቀዘቅዝ ማግኔት ያዘው። ይህን ልብ ብላችሁ ያዙልኝ፤ የማይሳብ ሲደመር የማይሳብ ሲደመር የማይሳብ፣ የሚሳብ ወጣው። ምን ተጨመረበት? ምንም! የማንጋኒዞቹ መቀመጫ ተለወጠ፣ በመካከላቸው መዳብና አሉሚኒየም ገብቶ ተራራቁ፣ ያኔ ተስማሙ። ስለ ማግኔት አንድ ታሪክ ብቻ ይዘን ቤት እንግባ ብትሉኝ የምሰጣችሁ ይህንን ነው።

እዚህ ጋ አንዱ አባት እጃቸውን አውጥተዋል። ይበሉ አባቴ። … «ሚስማሩ ውስጥ አቶሞቹ ከተስማሙ ሚስማሩ ራሱ ሌላውን ሚስማር ለምን አያነሳም?» እግዜር ያክብርልኝ! ተማሪዎች፣ ጥያቄ እንዲህ ነው። ፒየር ቫይስ የሚባል ፈረንሳዊ በ1907 እ.ኤ.አ. የመለሰው ይህንኑ ነው። ስምምነቱ በሚስማሩ ሙሉ አይደለም፤ በሠፈር በሠፈር ነው። በአንዱ ሠፈር ውስጥ ያሉት እልፍ አእላፍ አቶሞች ወደ አንድ አቅጣጫ ናቸው፣ የጎረቤቱ ሠፈር ግን ወደ ሌላ፣ ሦስተኛው ወደ ሌላ። ተደማምረው ይጠፋፋሉ። ማግኔት ሲጠጋ ወደ ማግኔቱ የዞረው ሠፈር ድንበሩን እየገፋ ይሰፋል፣ ሌላው ይጠባል፤ ሚስማሩ ለጊዜው ራሱ ማግኔት ሆነ ማለት ነው። በ1919 እ.ኤ.አ. ባርክሃውዘን የሚባል ሰው ይህን የድንበር መግፋት በድምፅ ማጉያ አሰምቷል፤ ጠሽ ጠሽ ይላል። ማግኔቱ ሲርቅ በለስላሳው ብረት ውስጥ ድንበሮቹ ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ። በጠንካራው፣ በመጋዝና በሞረድ ብረት ውስጥ ግን እንቅፋት ስለሚበዛ በሄዱበት ይቀራሉ። ለዚህ ነው አሮጌ ካቻቪቴ ወይም ሞረድ አንዳንዴ ብሎን አንጠልጥሎ የሚገኘው። ጋራዥ ያላችሁ፣ ልክ ነኝ? አዎ፣ ይኸው ራሳቸውን እየነቀነቁ ነው።

አሁን ሙቀት። ከሰሉን አቅርቡልኝ፣ እናንተ ከፊት ያላችሁ ልጆች ግን ትንሽ ሸሸት በሉ።

ማግኔቱን በክር አንጠልጥዬዋለሁ። ይህ ሚስማር ቀዝቃዛ ነው፤ ሳስጠጋው ማግኔቱ ወደሱ ሄደ፣ አያችሁ? አሁን በጉጠት ይዤ ከሰሉ ውስጥ እከተዋለሁ። አራግቡልኝ። … ቀላ። ገና ነው፣ ደማቅ ይሁን። … ይኸው። ቶሎ ላስጠጋው። ማግኔቱ ተንቀሳቀሰ? አልተንቀሳቀሰም! ሚስማሩ ያው ሚስማር ነው፣ አቶሞቹ ያው ናቸው፣ አራቱ ብቸኛ ኤሌክትሮኖችም እዚያው አሉ። ግን ማግኔቱ መዳብ እንደቀረበለት ዝም አለ። አሁን ዝም ብላችሁ ተመልከቱ፤ እየጠቆረ ነው … ጫፉ ጠቆረ … ቀጭ! ዘሎ ያዘው። ጭብጨባው ለሚስማሩ ነው።

ብረት በ770 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ማግኔትነቱን ይጥላል። ኒኬል በ358 አካባቢ፣ ኮባልት ከ1100 በላይ። ይህ ነጥብ የኩሪ ሙቀት ይባላል፣ በ1895 እ.ኤ.አ. ነገሩን ባጠናው በፒየር ኩሪ ስም፤ የማሪ ኩሪ ባለቤት ነው። ሙቀት ማለት የአቶሞች መንቀጥቀጥ ነው፤ መንቀጥቀጡ ከስምምነቱ ጉልበት ሲበልጥ ሁሉም ወዳሻው ይዞራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም። እኔ ያደግሁት ከጮቄ ተራራ ግርጌ ነው። እኛ ሠፈር አንድ ባለ እጅ አዛውንት ነበሩ፤ ማረሻ የሚያሾሉ፣ ማጭድ የሚሠሩ፣ ምሳር የሚስሉ። ጎጇቸው በቀን ጨለማ ናት፤ መስኮት የላትም፣ በሩንም ገርበብ ያደርጉታል። ልጅ ሆኜ ወናፉን እነፋላቸው ነበር፤ የሁለት የፍየል ቆዳ ወናፍ፣ አንዱን ስትጫን ሌላውን ታነሳለህ፣ ክንድ ይበላል። ማጭዱን ፍም ውስጥ ከተው ዓይናቸውን አይነቅሉም። «ንፋ … ንፋ … በቃ!» ይላሉ፣ ያወጡታል፣ ወዲያው ውኃ ውስጥ። ጭስስስ! ቤቱ በእንፋሎት ይሞላል። አንድ ቀን ከራዲዮ የወጣ ማግኔት ይዤ ሄድሁና በክር አንጠልጥዬ «በቃ!» ባሉበት ቅጽበት ወደቀላው ማጭድ አስጠጋሁት። ማግኔቱ ንቅንቅ አላለም። ገርሞኝ ሳያቸው «እንግዲህ ሳይበርድ ውኃውን ልስጠው፣ ዞር በል» አሉኝ፤ ሥራ ላይ ነበሩ።

ነገሩን የተረዳሁት ኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነው። ብረት ስል የሚይዘው አቶሞቹ አቀማመጣቸውን እስኪለውጡ ከጋለ በኋላ ድንገት ሲቀዘቅዝ ነው፤ ያ ሙቀት ደግሞ ማግኔትነቱን ከሚጥልበት ሙቀት ብዙም አይርቅም። በሌላው ዓለም ያሉ አንጥረኞች ብረቱ ለውኃ መድረሱን የሚያረጋግጡት ማግኔት አስጠግተው ነው፤ ካልያዘው ደረሰ ይላሉ። የእኛ ሰውዬ ማግኔት አልነበራቸውም። ቤቱን ያጨለሙት የፍሙን መልክ ለመለየት ነበር፤ ዓይናቸው ያንኑ ነጥብ ያውቀዋል። እኚህን ሰው እኮ እሳቸው የሠሩለትን ማጭድ ይዞ እየተጠቀመ በጓሮ ቡዳ የሚላቸው ነበር! አፄ ምኒልክ ባለ እጅ እንዳይሰደብ በአዋጅ አስነግረው ነበር፤ ስድቡ ግን እኔ ልጅ ሳለሁም አልቀረም ነበር። ዛሬ እዚህ የመጣችሁ የእሳቸው ልጆችና የልጅ ልጆች ካላችሁ፣ የፊዚክስ ትምህርቴን የጀመርሁት በአያታችሁ ወናፍ ነው።

ወደ ማንኪያዋ ልመለስ፣ ቃል ገብቻለሁ።

የማትሳበዋ ማንኪያ ከመቶ 18 ክሮሚየም፣ 8 ያህል ኒኬል፣ ቀሪው ብረት ነው። አንዳንዱ ዕቃ ጀርባ ላይ 18/8 ተብሎ ይጻፋል፤ ገልብጣችሁ እዩ። ኒኬል ራሱ የሚሳብ ነው እንዳልሁ አትርሱ! ብረት የሚሳብ፣ ኒኬል የሚሳብ፣ ሁለቱ ሲደባለቁ የማይሳብ። ከሆይስለር ቅይጥ ተቃራኒ ነው። ምስጢሩ እንደገና አቀማመጥ ነው። በተራ ሚስማር ውስጥ የብረት አቶሞች የሚደረደሩበት አንድ መልክ አለ፤ በ912 ዲግሪ ንጹህ ብረት ያን ድርድር ትቶ ሌላ ይይዛል። ኒኬሉ ያን የሙቀት ጊዜ ድርድር በብርድም እንዳይፈርስ አድርጎ ያቆየዋል፤ በዚያ ድርድር ውስጥ ደግሞ ብረቶቹ አይስማሙም። ሌላዋ ማንኪያ ኒኬል የላትም፣ ክሮሚየም ብቻ ነው የተጨመረባት፤ ስለዚህ ድርድሯ የሚስማሩ ድርድር ነው፣ ተያዘች። እንግዲህ «ማግኔት ከያዘው ስቴንለስ አይደለም» የሚለው የገበያ ወሬ ውሸት ነው። ሁለቱም ስቴንለስ ናቸው። ነጋዴውን አትጣሉት።

ባለፈው ሳምንት አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ እንዲህ ብላ ጠየቀችኝ፦ «ጤፍ ብረት አለው ይባላል፤ ታዲያ እንጀራን ማግኔት ለምን አይስበውም?» እስኪ ይህን ጥያቄ የማይወድ መምህር አለ? መልሱን አሁን እናንተም ታውቁታላችሁ። በጤፍ ውስጥ ያለው ብረት ሚስማር ሆኖ የተቀመጠ ብረት አይደለም፤ አቶሞቹ አንድ በአንድ ተበታትነው ከሌላ ንጥረ ነገር ጋር ተያይዘዋል። ጎረቤት የላቸውም። ደማችንም እንደዚያው ነው፤ ቀዩን መልክ የሰጠው ብረት ነው፣ ግን ማግኔት አይስበውም። ስለዚህ «የማግኔት አምባር ደምህን ስቦ ያዘዋውርልሃል» ብሎ የሚሸጥላችሁን ሰው ገንዘባችሁን ይዛችሁ እለፉት። ቀዩ ዝገትም ብረት ነው፣ ማግኔት ግን እምብዛም አይሰማውም። ጥቁሩ የብረት ማዕድን፣ ማግኔታይት የሚባለው፣ ይሳባል፣ ያውም በደንብ። ክረምት ላይ ከጮቄ የሚወርዱት ወንዞች ዳር ላይ የሚተዉትን ጥቁር አሸዋ በፌስታል በተጠቀለለ ማግኔት ነካ አድርጉት፤ እንደ ጢም ይበቅልበታል። ተራራው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ ድንጋዩ በዝናብ ሲበላ ማግኔታይቱ ከባድ ስለሆነ ወደ ታች ይሰፍራል። ያ ድንጋይ ቀልጦ ፈስሶ ሲቀዘቅዝ፣ የኩሪ ሙቀቱን ወደ ታች ሲያልፍ፣ የምድር ማግኔት በዚያ ዘመን ወዴት እንደዞረ በውስጡ ጽፎ አስቀርቷል። ከሠላሳ ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በፈሰሰው የኢትዮጵያ ደጋ ድንጋይ ውስጥ ሰሜንና ደቡብ ተገላብጠው የተጻፉባቸው ንጣፎች አሉ። እዚህ ብጀምር ግን አንመሽም፣ እናድራለን።

ስለ ወርቅ አንድ ነገር፣ ምክንያቱም ቅድም ሻይ ላይ እናቶች ጠይቃችሁኛል። ማግኔት ወርቁን ከያዘው ንጹህ ወርቅ አይደለም፤ ይህ ልክ ነው። ካልያዘው ግን ወርቅ ነው ማለት አይደለም! ናስም፣ መዳብም፣ እርሳስም አይያዝም። አታላዩ ይህን ከእናንተ በፊት ያውቀዋል፤ በማግኔት ፊት ለፊታችሁ የሚፈትንላችሁን ሰው ይልቁንስ ጠርጥሩት።

የመጨረሻውን ልናገርና ልውረድ፤ ፀሐዩም በረታባችሁ። ከተማ ውስጥ ያላችሁ አሁን አሁን ኢንዳክሽን የሚባለውን የኤሌክትሪክ ምድጃ እየገዛችሁ ነው። ላዩ ጠፍጣፋ መስተዋት ነው፣ እሳት የለውም፣ ፍም የለውም። ከመስተዋቱ ሥር የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሟል፤ በሽቦው ውስጥ አቅጣጫውን ቶሎ ቶሎ የሚቀያይር ኤሌክትሪክ ሲያልፍ ማግኔት ይሆናል። ኤርስቴድ የተባለው የዴንማርክ ሰው በ1820 እ.ኤ.አ. ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት ሽቦ የኮምፓስ መርፌን ሲያዞር ካየ ወዲህ የምናውቀው ነገር ነው። መዳብ በማግኔት አይሳብም፤ ማግኔት መፍጠር ግን ይችላል፤ ጣና በለስ ላይ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጩት ማሽኖችም የሚሠሩት በመዳብ ጥምጥምና በብረት ትብብር ነው። ምድጃው ላይ የድስቱ ቂጥ ማግኔት የሚሳብ ብረት ከሆነ፣ ያ የሚገለባበጥ ማግኔት ራሱን ድስቱን ያግለዋል። አሉሚኒየም ድስት ብትጥዱበት ተራው ምድጃ ወይ አልሠራም ብሎ ይጮኻል፣ ወይ ዝም ይላል። ሸክላ ጀበናማ ጭራሽ አይሆንም።

ስለዚህ ምድጃውን ከመግዛታችሁ በፊት የተሰበረ ራዲዮ ፈልጋችሁ ማግኔቱን አውጡና ቤት ያለውን ድስት ሁሉ ቂጡን ንኩት። የያዘው ይሠራል። ገበያ ስትወጡም ማግኔቷን ቦርሳችሁ ውስጥ ያዟት፤ ባለ ሱቁ «ለኢንዳክሽን ይሆናል» ቢልም ነክታችሁ ነው የምትከፍሉት። እማማ፣ ጠገራዎ ይኸውልዎት። አመሰግናለሁ።